ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል፦ የፍሊንት ሕዝብ አቤቱታ

ፍሊንት በአሜሪካ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ከዲትሮይት በስተሰሜን ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት። ጄኔራል ሞተርስ በ1908 የተመሠረተው እዚያ ነው (በዚህ ትረካ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1936 መጨረሻ ሠራተኞቹ «ከፋብሪካው አንወጣም» ብለው 44 ቀን ሙሉ ከማሽናቸው አጠገብ ተቀምጠው ያደሙትም፣ ያን ግዙፍ ኩባንያ ለማኅበራቸው እውቅና እንዲሰጥ ያስገደዱትም እዚያው ነው። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ዝም ብሎ የተበደለ ሕዝብ ታሪክ እንዳይመስል ነው። ፍሊንት ዝም ያለችበት ጊዜ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን አንሥታ ተናግራለች፤ ያጣችው ሰሚ ነው።

በ1960 የከተማዋ ሕዝብ ወደ ሁለት መቶ ሺህ ይጠጋ ነበር። በ1970ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ በፍሊንትና በዙሪያዋ ሰማንያ ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ መሄድ የቻለ ሁሉ ሄደ። የ2010 ቆጠራ ሲመጣ የቀረው 102 ሺህ ሰው ነው። ከግማሽ በላዩ ጥቁር ሲሆን፣ ከአሥር ነዋሪ አራቱ ያህል ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። ግብር ከፋዩ ሲያንስ የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ተራቆተ። ለሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ የተዘረጋው የውሃ መስመር ግን ከነእድሳቱና ከነወጪው ለቀረው ሕዝብ ተረፈ፤ የውሃ ሂሳቡም በአገሪቱ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። የከተማዋ ጋዜጣ ፍሊንት ጆርናልም በ2009 ዕለታዊነቱ ቀርቶ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መታተም ጀመረ። አንድ ከተማ ገንዘቡን ሲያጣ የራሱን ወሬ በየቀኑ የሚሰማበትንም አብሮ ያጣል፤ ይህ የኋላ ኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

በ2011 መጋቢት ወር አዲሱ የሚሺጋን ገዥ ሪክ ስናይደር አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በዕዳ የተያዘ ከተማ ሲገኝ ገዥው «የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ» እንዲሾሙበት ይፈቅዳል። ይህ ሹም የተመረጠውን ከንቲባና የተመረጠውን ምክር ቤት ሥልጣን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ውል ያፈርሳል፣ ንብረት ይሸጣል፣ በጀት ይቆርጣል። ተጠሪነቱ ለገዥው እንጂ ለነዋሪው አይደለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ፍሊንት ከንቲባዋን ዴይን ዋሊንግን ለሁለተኛ ጊዜ መረጠች። በዚያችው ዕለት ክፍለ ግዛቱ ከተማዋን በሹም እንደሚይዝ አስታወቀ። ሕዝቡ ድምፁን በሰጠበት ቀን የመረጠው ሰው ሥልጣን ተወሰደ ማለት ነው።

የሚሺጋን መራጮች ሕጉን አልወደዱትም። ፊርማ አሰባስበው በኖቬምበር 2012 ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡትና በአብላጫ ድምፅ ሻሩት። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ግን የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ያንኑ የሚመስል ሌላ ሕግ አወጣ፤ ስናይደርም በዲሴምበር መጨረሻ ፈረሙበት። ይህኛው በውስጡ የበጀት ምደባ ተጨምሮበታል። በሚሺጋን ሕገ መንግሥት ደግሞ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ ሊሻር አይችልም። መራጩ የዘጋውን በር በዚህ መንገድ ከፈቱት፤ እንደገና እንዳይዘጋውም አድርገው ከፈቱት። የፍሊንትን ውሃ ታሪክ ከውሃው የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከዚህ ሕግ የሚጀምር ይመስለኛል።

ፍሊንት ከ1967 ጀምሮ የምትጠጣው ከዲትሮይት የምትገዛውን፣ ከሂውሮን ሐይቅ ተስቦ የተጣራ ውሃ ነበር። ዋጋው እየናረ ሲሄድ በአካባቢው ያሉ አስተዳደሮች ካሬግኖንዲ የተባለ የውሃ ባለሥልጣን አቋቁመው ከዚያው ሐይቅ የራሳቸውን መስመር ለመዘርጋት ተነሡ። በመጋቢት 2013 የፍሊንት ምክር ቤትም ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ በዕቅዱ ለመግባት ተስማማ። አዲሱ መስመር እስኪያልቅ ድረስ ከተማዋ ምን ትጠጣ የሚለውን ግን ለምክር ቤቱ ያቀረበለት አልነበረም። ያን የወሰኑት የተሾሙት ሥራ አስኪያጆች ናቸው፤ የወሰኑትም ከፍሊንት ወንዝ እንድትጠጣ ነው። ያረጀው የከተማዋ ማጣሪያ ጣቢያ ተጠጋግኖ የወንዙን ውሃ ያጣራል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ይድናል ተባለ። በነዚያ ዓመታት የተፈራረቁት ሹማምንት አራት ናቸው፦ ማይክል ብራውን፣ ኤድ ከርትዝ፣ ዳርኔል ኧርሊ፣ ጄሪ አምብሮዝ። አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተረከበ ስለ ሄደ ኋላ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

ኤፕሪል 25፣ 2014 በማጣሪያ ጣቢያው ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ባለሥልጣናቱ በተሰበሰቡበት ከንቲባ ዋሊንግ ቁልፉን ተጫኑ፤ ከዲትሮይት የሚመጣው መስመር ተዘጋ። ከዚያም ከወንዙ የተጣራውን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ለፍሊንት መልካም ተመኝተው ጠጡ። ከሳምንት በፊት የጣቢያው የውሃ ጥራት ኃላፊ ማይክ ግላስጎው ለክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ኢሜይል ጽፎ ነበር። የሠራተኛውም የመሣሪያውም ዝግጅት አልተሟላም፤ ውሃው በሚቀጥሉት ሳምንታት ወደ ከተማ ከተለቀቀ የሚለቀቀው እኔ ሳልስማማበት ነው የሚል ነበር ቃሉ። ቢሆንም ውሃው ተለቀቀ።

ወንዙ በራሱ መርዝ አልነበረም። ችግሩ ክሎራይድ ስለሚበዛበት ብረት የሚበላ ውሃ መሆኑ ነው፤ ኋላ የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች ከዲትሮይቱ ውሃ 19 ጊዜ የበለጠ ቧንቧ የመብላት ኃይል እንዳለው ለክተዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ሲለቀቅ የፎስፌት ውህድ ይጨመርበታል። ፎስፌቱ ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደሚያበጀው ዓይነት ስስ ቅርፊት በቧንቧው ውስጥ ያበጅና ውሃውንና ብረቱን ይለያያል። ዲትሮይት ለዓመታት ስትጨምረው ኖራለች። የፍሊንት ቧንቧዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ከዋናው መስመር ወደየቤቱ የሚገቡት፣ ከእርሳስ የተሠሩ ነበሩ፤ ያም ቅርፊት ለዓመታት ሸፍኗቸው ኖሯል። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት የፌዴራሉን ደንብ በተሳሳተ መንገድ ተርጉሞ፣ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ወር እንለካ፣ መጨመር ካስፈለገ ያኔ ይታያል አለ። ስለዚህ ምንም አልተጨመረም። ለዚያ ውህድ የሚያስፈልገው ወጪ ኋላ ሲሰላ በቀን መቶ ዶላር ግድም ነበር። ይህን ቁጥር በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

ሰዉ ወዲያው አወቀው። ያወቀው በላቦራቶሪ አይደለም፤ በዐይኑ፣ በአፍንጫው፣ በቆዳው ነው። በዚያው ግንቦትና ሰኔ ውሃው ይሸታል፣ ቀለሙ ተለውጧል፣ ልጆቻችን ታጥበው ሲወጡ ሰውነታቸው ሽፍ ይላል የሚሉ ስልኮች ለማዘጋጃ ቤቱ ይጎርፉ ጀመር። ለአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የደወለ ደወለ፤ ለጋዜጣ የጻፈ ጻፈ። ሁሉም ያገኘው መልስ አንድ ነበር፦ ውሃው ደንቡን ያሟላል። በነሐሴና በመስከረም ከዐይነ ምድር የሚመጣው ኢ ኮላይ የተባለ ተሕዋስ በውሃው ተገኘና ከአንዴም ሦስቴ «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማሳሰቢያ ወጣ። ተሕዋሱን ለመግደል ክሎሪን በብዛት ተጨመረ። የበዛው ክሎሪን ደግሞ በወንዙ ውሃ ካለው ብስባሽ ጋር ተዋህዶ ትራይሃሎሜቴን የተባሉ፣ ለረጅም ጊዜ ቢጠጡ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው የሚፈሩ ውህዶችን ፈጠረ። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማበላሸት ሆነ፤ እርሳሱን ግን ገና ያነሣው ሰው አልነበረም።

በጥቅምት አጋማሽ የመጣው ዜና እስከ ዛሬ የፍሊንት ሰዎች ሲናገሩት ድምፃቸው የሚለወጥበት ነው። የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ የፍሊንትን ውሃ መጠቀም አቆማለሁ አለ፤ ውሃው የሞተር ክፍሎችን እያዛገበት ነው። ወዲያው ተፈቀደለት፤ ከጎረቤት አስተዳደር የሂውሮን ሐይቅ ውሃ ተጠለፈለት። ከተማዋ በዚህ ምክንያት በዓመት አራት መቶ ሺህ ዶላር ያህል ገቢ አጣች፤ ቢሆንም ማንም አልተከራከረም። ብረት የሚያዝግ ውሃ በሕፃን ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ነዋሪዎቹም ይህንኑ በየስብሰባው ጠይቀዋል። ፋብሪካው በሳምንታት ያገኘውን መልስ ሕዝቡ ለማግኘት ሌላ አንድ ዓመት ፈጀበት።

በጃንዋሪ 2015 መጀመሪያ ከተማዋ ትራይሃሎሜቴኑ ከወሰን ማለፉን የሚገልጽ ደብዳቤ ለየቤቱ ላከች። ደብዳቤው ከውሃ ሂሳቡ ጋር ለሚታገለው ሰው ውሃው አስቸኳይ አደጋ የለውም፣ አረጋውያንና የታመሙ ግን ሐኪማቸውን ያማክሩ ይላል። በዚያው ሰሞን በፍሊንት ባለው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ለሠራተኞች የተጣራ የታሸገ ውሃ ቀረበ፤ ይህ የታወቀው ከዓመት በኋላ ነው። ዲትሮይትም «መልሰን እናገናኛችሁ፣ የማገናኛውን አራት ሚሊዮን ዶላርም አንጠይቅም» አለች። የተሾመው ሥራ አስኪያጅ እንቢ አለ፤ ምክንያቱ ውሃው ውድ ነው የሚል ነበር።

ጃንዋሪ 21 በተጠራው ስብሰባ ሰዎች የመጡት ማስረጃቸውን ይዘው ነው። በላስቲክ ጠርሙስ፣ በጋሎን፣ በብርጭቆ ከየቧንቧቸው የቀዱትን ይዘው ገቡ። ከነዚያ መካከል ሊአን ዋልተርስ የምትባል የአራት ልጆች እናት ነበረች። ከቤቷ በተለያዩ ቀናት የቀዳቻቸውን ሁለት ጠርሙሶች፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ለሥራ አስኪያጁ ለአምብሮዝ ከፍ አድርጋ ስታሳየው የተነሣው ፎቶግራፍ በኋላ አገር ምድሩን ዞሯል። መንታ ልጆቿ ሰውነታቸው ሽፍ ይል፣ አንደኛው ክብደት አልጨምር ብሎ ነበር። በየካቲት ከከተማዋ የመጣ ባለሙያ ውሃዋን ለካ፤ በሊትር 104 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት። የፌዴራሉ መንግሥት እርምጃ ይወሰድ የሚልበት ወሰን ያኔ 15 ነበር። በመጋቢት እንደገና ሲለካ 397 ሆነ። ለእርሳስ ደግሞ በልጅ አካል ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም፤ አእምሮ በሚያድግበት ዕድሜ ይገባና የመማርና ራስን የመግዛት አቅምን ይነካል፤ የነካውንም የሚመልስ መድኃኒት አልተገኘም።

የተሰጣት መልስ ችግሩ ከቤትሽ ቧንቧ ነው የሚል ነበር። የቤቷ ቧንቧ ግን ከፕላስቲክ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሙያ ሚጌል ዴል ቶራል ራሱ ቤቷ ሄዶ ይህን በዐይኑ አረጋገጠ፤ እርሳሱ የሚመጣው ከመንገድ ወደ ቤቷ ከሚገባው የከተማዋ መስመር መሆኑ ታወቀ። ዋልተርስ እዚያ ላይ አላቆመችም። የውሃ ደንቦችንና የከተማዋን ሪፖርቶች ተቀምጣ አንብባ፣ ከተማዋ ቧንቧ መከላከያ ውህድ እንደማትጨምር ለዴል ቶራል የነገረችው እሷ ናት። ኬሚስትም መሐንዲስም አልነበረችም። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ግን ከዚያ በፊት ለኤጀንሲው ውሃው መከላከያ እንዳለው ነግሮት ነበር።

ማርች 23 የከተማዋ ምክር ቤት ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ወደ ዲትሮይት ውሃ እንመለስ አለ። ይህ የተመረጠ ምክር ቤት ለመረጠው ሕዝብ ጩኸት የሰጠው መልስ ነው፤ በማንኛውም ሌላ ከተማ ጉዳዩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። አምብሮዝ ውሳኔው የማይገባ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። በኤፕሪል መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደሩ አበቃ ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ ከተማዋ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ብድር ተሰጣት፤ ከብድሩ ውል አንዱ አንቀጽ ያለ ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ወደ ዲትሮይት መመለስን የሚከለክል ነበር። ሰውየው ሄደ፤ እንቢታው በውል ታስሮ ቀረ።

ጁን 24 ዴል ቶራል ያየውን ሁሉ በማስታወሻ ጽፎ ለአለቆቹ አቀረበ። መከላከያ እንደማይጨመርና የከተማዋ አለካክ የእርሳሱን መጠን እንደሚያሳንስ በግልጽ አስቀመጠ። አንድ ቅጂ ለዋልተርስ ደረሳት፤ እሷም ለከርት ጊየት ሰጠችው። ጊየት በዚያን ጊዜ የጋዜጣ ሠራተኛ አልነበረም። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር የሚሺጋን ቅርንጫፍ በ2013 የቀጠረው፣ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጆችን ሥራ እየተከታተለ እንዲጽፍ ነው። ጋዜጦች በሳሱበት አገር አንድ የመብት ማኅበር ራሱ ጋዜጠኛ መቅጠሩን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ እሱ ባይኖር ማስታወሻው በመሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር። በጁላይ 9 ታሪኩ ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ በሚሺጋን ሬዲዮ ቀርቦ፣ በፍሊንት ውሃ ስላለ እርሳስ የሚጨነቅ ሁሉ ይረጋጋ አለ።

ማንም አልተረጋጋም። ዋልተርስ በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የውሃ መሐንዲስ ለሆኑት ለማርክ ኤድዋርድስ ደውላ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት በዋሽንግተን ከተማ ውሃ ውስጥ የነበረውን እርሳስ ያጋለጡት እሳቸው ናቸው። ከቤቷ በላከችላቸው ናሙና እስከ 13,200 ማይክሮግራም አገኙ። አምስት ሺህ የደረሰ በአሜሪካ ሕግ አደገኛ ቆሻሻ ይባላል። በነሐሴ ኤድዋርድስና ተማሪዎቻቸው 300 የመለኪያ ካርቶን ወደ ፍሊንት ላኩ።

በእያንዳንዱ ካርቶን ሦስት ጠርሙስ አለ። ውሃው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ማንም ሳይከፍተው ትልቁ ጠርሙስ ከመጀመሪያው ጠብታ ይቀዳል። ከዚያ ቧንቧው ተከፍቶ አርባ አምስት ሰከንድ ይቆጠርና ሁለተኛው ይሞላል፤ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ሦስተኛው። የመጀመሪያው በቤቱ ቧንቧ ያደረውን፣ ሁለተኛው ከመንገድ በሚመጣው መስመር ያደረውን፣ ሦስተኛው ዋናውን መስመር ያሳያል። ይህን እንዴት እንደሚሠሩ ጎረቤት ለጎረቤት ተማማሩ። ቄሶችና የሰፈር ማኅበራት፣ ዋልተርስም ራሷ፣ በየቤቱ እየዞሩ አደሉ፤ መሞላቱን አይተው፣ ማንም እንዳይነካካው አሽገው ሰበሰቡ። ናሙናው ሆን ተብሎ ከድሃ ሰፈር ብቻ መጣ እንዳይባል በየፖስታ ኮዱ አከፋፈሉት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ተመለሰ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ «ቅሬታ» ሲባል የኖረው የነዋሪ ቃል በሕዝቡ እጅ ወደ ቁጥር የተለወጠው እንዲህ ነው። ውጤቱ ሲሰላ ከአሥር ቤት በአንዱ እርሳሱ ከ25 ማይክሮግራም በላይ ነው።

የክፍለ ግዛቱ ቃል አቀባይ ተመራማሪዎቹ በሄዱበት ሁሉ እርሳስ የሚያገኙ ናቸው ብሎ አጣጣላቸው። የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ልኬት ከወሰን በታች ነው አለ። ያ ልኬት እንዴት እንደ ተሠራ ኋላ ታወቀ። ከተሰበሰቡት 71 ናሙናዎች ሁለቱ እንዲወጡ ተደረገ፤ ከሁለቱ አንዱ የዋልተርስ 104 ነው። ሁለቱ ሲወጡ ከ15 በላይ ይሆን የነበረው የከተማዋ ውጤት 11 ላይ ወረደ። ነዋሪዎችም ናሙና ከመቅዳታቸው በፊት በዋዜማው ቧንቧውን ለደቂቃዎች ከፍተው እንዲያፈሱ ታዘዋል፤ ይህም ያደረውን እርሳስ ያጥባል።

በነሐሴ መጨረሻ የሐርሊ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ሞና ሃና አቲሻ ከአንዲት የውሃ መሐንዲስ ከሆነች የልጅነት ጓደኛቸው ጋር እራት ላይ ሳሉ ነገሩን ሰሙ። ዶክተሯ የኢራቅ ስደተኞች ልጅ ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ውሃው ደህና ነው የተባለውን አምነው እናቶችን ሲመክሩ ኖረዋል። ጓደኛቸው መከላከያ እንደማይጨመርበት ስትነግራቸው ልጆች ከሚመረመሩበት የሆስፒታሉ መዝገብ የደም ውጤቱን ማገላበጥ ጀመሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው ውሃው ከመለወጡ በፊት 2.4 በመቶ፣ ከተለወጠ በኋላ 4.9 በመቶ ነበሩ፤ ውሃው እጅግ በተበላሸባቸው ሰፈሮች ከ10 በመቶ በላይ። በሙያው ደንብ እንዲህ ያለ ጥናት ታርሞና ታትሞ ነው ለሕዝብ የሚወጣው። እሳቸው ግን ልጆቹ በየቀኑ እየጠጡት ስለሆነ አልጠበቁም፤ ሴፕቴምበር 24 ነጭ ካባቸውን ለብሰው ለጋዜጠኞች ተናገሩ፣ የሕፃን ጡጦም ይዘው ነበር። የክፍለ ግዛቱ ሰዎች ቁጥሩን ቆራርጣ ገጣጥማ ነው አሏቸው። ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ የተባለው ጋዜጣ የክፍለ ግዛቱን የራሱን መዝገብ አስልቶ ዶክተሯ ልክ መሆናቸውን ጻፈ። ሳምንት ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱም አመነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ኦክቶበር 16 ፍሊንት ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች፤ ቅርፊቱ የተላጠው ቧንቧ ግን ያው ነበር። በኖቬምበር ሕዝቡ ዋሊንግን አውርዶ ካረን ዊቨርን ከንቲባ አደረገ፤ እሳቸውም በወሩ አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በዲሴምበር መጨረሻ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥልጣን ለቀቁ። በጃንዋሪ 2016 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ውሃ በካርቶን ማደል ጀመሩ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም የፌዴራል አስቸኳይ ጊዜ ፈረሙ። በዚያው ሰሞን ገዥው ስናይደር ሌላ ነገር ገለጡ። ከ2014 ክረምት ጀምሮ በአካባቢው ሊጆኔር የተባለ የሳንባ በሽታ ገብቶ ነበር፤ በሁለት ዓመት ዘጠና ያህል ሰው ታሞ አሥራ ሁለቱ ሞተዋል። ባለሥልጣናት በሽታው መኖሩን ካወቁ ወራት አልፎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተነገረውም። አሥራ ሁለት ሰው። በዓመታዊ ንግግራቸው ስናይደር የፍሊንትን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። ራሳቸው ያቋቋሙት መርማሪ ቡድን በመጋቢት ባወጣው ሪፖርት ዋናውን ጥፋት በአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤቱ ላይ አደረገ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ሕግ የሕዝቡን ተቆጣጣሪነት እንዳጠፋም አስቀመጠ፤ ነገሩን የአካባቢ ኢፍትሐዊነት ብሎ በስሙ ጠራው።

የፍርድ ቤቱ ታሪክ ረጅም ነው፤ የሚያጽናና ግን አይደለም። ከ2016 ጀምሮ አሥራ አምስት ሰው ተከሰሰ፤ በ2019 የአዲሷ ዐቃቤ ሕግ ቡድን የቀሩትን ክሶች አንሥቶ ምርመራውን እንደገና ጀመረ። በጃንዋሪ 2021 ስናይደርን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ተከሰሱ። በ2022 የሚሺጋን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንድ ዳኛ የተሰጠው የክስ ሥርዓት ሕጋዊ አይደለም ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ በ2023 የመጨረሻው መዝገብ ተዘጋ። በውሃው ምክንያት እስር ቤት የገባ ባለሥልጣን የለም። በፍትሐ ብሔሩ በኩል በኖቬምበር 2021 የ626 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጸደቀ፤ ስድስት መቶው ከክፍለ ግዛቱ ነው። ሰማንያ በመቶ የሚሆነው በዚያን ጊዜ ልጆች ለነበሩት እንዲሰጥ ተወሰነ።

ቧንቧዎቹም ወጡ፤ የወጡት ግን በክስ ነው። የፍሊንት ቄሶች ማኅበርና ነዋሪዎች ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆነው በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱና በመጋቢት 2017 ከተማዋና ክፍለ ግዛቱ የእርሳስ መስመሮችን በሦስት ዓመት ውስጥ ለመቀየር በውል ገቡ። ሦስቱ ዓመት ስምንት ሆነ። በየጓሮውና በየደጁ ተቆፍሮ፣ አሥራ አንድ ሺህ ያህል የእርሳስ ቧንቧ ወጥቶ ሥራው መጠናቀቁ ለፍርድ ቤቱ የተነገረው በ2025 ክረምት ነው። ሊአን ዋልተርስ በ2018 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት። ከዚያው ዓመት ወዲህ በሚሺጋን በአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ የሚተዳደር ከተማ የለም። መራጩ በድምፁ ከሻረው በኋላ እንዳይሻር ሆኖ የወጣው ሕግ ግን አልተነሣም፤ አንድ ሌላ ከተማ ዕዳ ቢበዛበት ነገም ሊሾምበት ይችላል።